ሬጉሌተሩን ከመቀየራችሁ በፊት፦ ስለ ሞተር ሳይክል ቻርጅ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ባትሪያችሁ አይሞላም? በ10 ደቂቃ ራሳችሁ ድረሱበት» የሚል ጽሑፍ በየስልኩ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው ጓደኛዬማ «አንተ ሁለት ቀን የምትፈጅበትን ሰውዬው በ10 ደቂቃ ጨረሰው» የሚል መልእክት አክሎበታል። ስለዚህ ምላሹ ውስጥ ትንሽ የግል ቂም አለ ብትሉኝ አልከራከርም።

ጽሑፉ የሚለውን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ባትሪው 12.6 ቮልት ካሳየ ጤነኛ ነው፤ ከጥርጣሬ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪው ኬብል ይነቀል፤ ሞተሩ ከጠፋ ቻርጅ የለም፣ ካልጠፋ አለ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ ሲሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ካልተገኘ ሬጉሌተሩ (የቻርጁን ቮልት የሚገድበው እቃ) ሞቷል፤ ከ15 በላይ ካሳየም እንደዚያው። አራተኛ፣ ለማንኛውም ሬጉሌተሩን ቀይሩ፤ ካልተስተካከለ ስታተሩን (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የሽቦ ጥቅል) ቀይሩ። አምስተኛ፣ ስታተርን ለመመርመር ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) መለካት ይበቃል፤ ከሞተሩ አካል ጋር ከተነካካ ሞቷል። ስድስተኛ፣ የፊት መብራቱን ኤልኢዲ ብታደርጉት የስታተሩም የሬጉሌተሩም ዕድሜ ይረዝማል።

ልክ የሆኑበትን ላስቀድም። ቴስተር ሳትይዙ እቃ አትግዙ ማለታቸው ትክክል ነው። የባትሪውን ጫፎች አጽዱ፣ ብሎኑን አጥብቁ ማለታቸውም እንዲሁ። ስንቱ «ቻርጅ የለውም» የተባለ ሞተር ሳይክል ብሎኑ ግማሽ ዙር ሲጠብቅ ድኗል። አሠራሩን ያስረዱበት አንቀጽም ግሩም ነው፦ ማግኔት የተሸከመው ሮተር ይሽከረከራል፣ ከሱ ጋር ፊት ለፊት የቆመው ስታተር ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ያመነጫል፣ ሬጉሌተር ሬክቲፋየሩ ያንን ወደ ዲሲ (ባንድ አቅጣጫ ወደሚፈስ) ለውጦ 14 ቮልት አካባቢ ላይ ይገድበዋል፣ ባትሪው ይቀበላል። እኔም ከዚህ በተሻለ አላስረዳውም።

ግን ከዚህ አንቀጽ በኋላ ጽሑፉ የእቃ ዝርዝር ሆነ። ባትሪ፣ ሬጉሌተር፣ ስታተር። በነዚህ መካከል ያለው መንገድ የት ገባ? ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ሻንሲው ላይ የታሰረው ኔጌቲቭ፣ አንዳቸውም ስማቸው አልተነሳም። አብዛኛው ቅሬታዬ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከባትሪው ልጀምር። 12.6 ቮልት ለተለመደው የአሲድ ባትሪ መልካም ቁጥር ነው። የሚነግረን ግን ስለ ሙላቱ ነው እንጂ ስለ ጉልበቱ አይደለም። ውስጡ አንድ ማያያዣ የተሰነጠቀ ባትሪ ቆሞ ሲለካ 12.7 ሊያሳያችሁ ይችላል። የማስነሻ ቁልፉን ስትጫኑ 5 ቮልት ላይ ይወድቃል፤ ዳሽቦርዱ ይጨልማል፣ ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። እንዲህ ያለውን ባትሪ የሚያጋልጠው ሥራ ብቻ ነው። የቴስተሩን ጫፎች ባትሪው ላይ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሱ። የሞላ ባትሪ በዚያች ቅጽበት ከ9.5 ቮልት በታች ከወረደ ተጠርጣሪ ነው።

ሌላም አለ። ከጉዞ እንደተመለሳችሁ ወይም ከቻርጀር እንደነቀላችሁት ባትሪው ላዩ ላይ ብቻ ያለ ቮልት ያሳያል። ጥቂት ሰዓት ይረፍ፤ ካልሆነ የፊት መብራቱን አንድ ሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና ለኩ። ደግሞ ሁሉም ባትሪ አንድ አይደለም። ኤጂኤም የሚባለው ሲሞላ 12.8 እና ከዚያ በላይ ላይ ያርፋል። ሊትየም አይረን ፎስፌት ከሆነ ሙሉው 13.3 አካባቢ ነው። የሊትየም ባትሪ 12.6 ካሳያችሁ ሊያልቅ ተቃርቧል ማለት ነው! ጸሐፊው «ጤነኛ ነው፣ እለፉት» ያሉት ቁጥር ለሱ የድረሱልኝ ጥሪ ነው።

ይሄ ጥቃቅን ነገር ፍለጋ አይደለም። የተራበ ባትሪ የተሰጠውን ሁሉ ስለሚውጥ የሥርዓቱን ቮልት ወደ ታች ይዞት ይቆያል። ጤነኛ ሬጉሌተር ያለው ሞተር ሳይክል በተራበ ባትሪ ሲለካ 13 ሳይደርስ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርታችሁ የምትፈርዱት ፍርድ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። መጀመሪያ ባትሪውን በቻርጀር ሙሉት፤ ልኬቱ ከዚያ ይጀምራል።

አሁን ወደ ኬብል መንቀሉ። እዚህ ጋ ትንሽ ድምፄን ከፍ ባደርግ ይቅርታ።

ይህ ዘዴ ዕድሜ ጠገብ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ያልነበረባቸው መኪኖች ላይ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ የሰማነውም ከታላላቆቻችን ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ግን በሁለት በኩል ይዋሻል። ብዙ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች የካንዴላቸውን እሳት የሚያገኙት ስታተሩ ላይ ካለ የራሱ ጠምጣማ (የሽቦ ጥቅል) ነው እንጂ ከባትሪ አይደለም። ቻርጁ ፈጽሞ ሞቶ ኬብሉን ብትነቅሉትም ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። እናንተም «ቻርጅ አለ» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። በሌላ በኩል ነዳጅ በኮምፒውተር የሚረጭላቸው አሉ። ቻርጃቸው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ባትሪው ሲነቀል ሊጠፉ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ባትሪው ከማከማቸቱ በተጨማሪ ከሬጉሌተሩ የሚወጣውን የሚንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የሚያረጋጋው እሱ ነው። ስለዚህ «ጠፋ» እና «አልጠፋም» ሁለቱም ምንም አይነግሩንም።

ምንም ባይነግሩንም ሊያስከፍሉን ግን ይችላሉ። ወደ ባትሪው አምፔር እየፈሰሰ ባለበት ቅጽበት መንገዱ ሲቆረጥ ቮልቱ ይዘላል። ሬጉሌተሩ እስኪይዘው ድረስ የዘለለው ነገር የሚያርፈው ኮምፒውተሩ፣ ዳሽቦርዱና አምፖሉ ላይ ነው። ጤነኛ የነበረ ሬጉሌተር ራሱ በዚህ ሊቃጠል ይችላል። የምርመራ ዘዴው የሚመረምረውን እቃ ከገደለ ምኑን ምርመራ ሆነ?

በባትሪ ፋንታ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚይዝ እቃ) ይዘው እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ የገጠር መንገድ ሞተር ሳይክሎች መኖራቸውን አልክድም። እነሱ ግን ከፋብሪካው እንዲያ ታስበው ነው። የእናንተ እንዲያ ካልሆነ ሞተሩ እየሠራ ኬብል አትንቀሉ።

ሦስተኛው፣ በሚኒሞ 14 ቮልት የሚለው ነው። ሚኒሞ ላይ ሮተሩ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ ስታተሩም የሚያመነጨው በዚያው ልክ ነው። የ55 ዋት የፊት መብራት ብቻውን ከ4 አምፔር በላይ ይፈልጋል። የነዳጅ ፓምፑን፣ ማራገቢያውንና የፍሬን መብራቱን ጨምሩበት። ብዙ ጤነኛ ሞተር ሳይክል ሚኒሞ ላይ 13 ቮልት እንኳ ላይሞላ ይችላል። የፋብሪካ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ መብራት በርቶ በደቂቃ 5000 ዙር ላይ ለኩ የሚሉት ለዚህ ነው። እዚያ ላይ ከ13.5 እስከ 14.8 ባለው ውስጥ ካረፈ ሰላም ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የሞተር ሳይክላችሁ መመሪያ ይነግራችኋል።

እኔ ሦስት ቁጥር ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፦ ቆሞ፣ ሚኒሞ ላይ፣ 5000 ላይ። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ የሦስቱ አካሄድ ይበልጥ ይናገራል። 12.7፣ 13.1፣ 14.3 ከሆነ ሂዱና ቡናችሁን ጠጡ። 12.7፣ 12.4፣ 12.3 ከሆነ ባትሪው እየተበላ ነው፤ ምንም አይገባለትም። 12.7፣ 13.0፣ 13.1 ከሆነ ደግሞ የሆነ ነገር ይደርሳል፣ ግን መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው ወይም ከስታተሩ ከሚወጡት ሦስት መስመሮች አንዱ ጠፍቷል። ጸሐፊው ለነዚህ ለሁሉም አንድ መድኃኒት ነው ያዘዙት።

ከ15 በላይ ከሆነስ? እዚህ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሬጉሌተሩ ነው፤ ባትሪ እያፈላ መንዳትም አደጋ ነው። ግን አንዳንዱ ሬጉሌተር የባትሪውን ቮልት የሚያይበት ቀጭን ሽቦ አለው፤ ሽቦው በቁልፉ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። የቁልፉ ውስጥ ዝጎ አንድ ቮልት ከበላ ሬጉሌተሩ «ባትሪው ዝቅ ብሏል» ብሎ አንድ ቮልት ይጨምራል። አዲስ ሬጉሌተር ብትገጥሙ እሱም ያንኑ ያደርጋል። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ 16.2 አይቼ ደንግጬ ሬጉሌተር ልገዛ ስወጣ፣ ጥፋተኛው የቴስተሬ የ9 ቮልት ባትሪ ሆኖ ተገኘ። እሱ ሲደክም ርካሽ ቴስተር ቁጥር ያጋንናል። ልኬቱ ካስደነገጣችሁ በሌላ ቴስተር ድገሙት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን፤ «ሬጉሌተሩን መጀመሪያ ቀይሩ»። ከላይ «ሳትለኩ እቃ አትግዙ» ያሉት ጸሐፊ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብለው ለማንኛውም ግዙ ይላሉ። የትኛውን እንስማ? ሬጉሌተር በሙቀት ብዙ ጊዜ እንደሚሞት እኔም አውቃለሁ። ግን ብዙ ጊዜ መሞቱ አሁን ስለመሞቱ ማስረጃ አይሆንም።

የራሴን ልንገራችሁ። ሁለት ሬጉሌተር ቀይሬያለሁ። አንዱን በጥርጣሬ፣ ሁለተኛውን «የመጀመሪያው ኦርጅናል አልነበረም» በሚል ማጽናኛ። ባትሪው በየሳምንቱ መሞቱን ቀጠለ። በመጨረሻ ኮርቻውን አንስቼ ከስታተር የሚመጡት ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ከሬጉሌተሩ ጋር የሚገናኙበትን ሶኬት ነቀልኩት። ማለት ልነቅለው ሞከርኩ። አንዱ ፒን ከፕላስቲኩ ጋር ቀልጦ ተጣብቋል። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ የተቃጠለ ወተት መስሏል። ሁለቱን ሬጉሌተሮች ስቀይር በዚያው ሶኬት ላይ ነበር የምሰካቸው። እንዴት አላየሁትም? እቃ ስለነበር የምፈልገው።

ለምን እንደሚቀልጥ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሙቀት የሚሆነው ኃይል አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በኦሙ ሲባዛ ነው። 15 አምፔር የሚያልፍበት ፒን ዝጎ 0.05 ኦም ብቻ ቢኖረው 11 ዋት ይሞቃል። የአንዳንድ ሞተር ሳይክል የፍሬቻ አምፖል 10 ዋት ነው። የበራ የፍሬቻ አምፖል ፕላስቲክ ሶኬት ውስጥ ዘግታችሁ ረጅም መንገድ እንደመንዳት ነው። ሲሞቅ ፒኑ ይላላል፣ ሲላላ ኦሙ ይጨምራል፣ ሲጨምር ይበልጥ ይሞቃል።

ይህን መንገድ የሚለካ ፈተና አለ፤ እቃ መንቀልም አይፈልግም። ሞተሩን አስነሱ፣ መብራት አብሩ፣ ዙሩን ከፍ አድርጉ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ከሬጉሌተሩ በሚወጣው ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ በሶኬቱ ጀርባ በኩል አስነኩ። ሌላውን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ። መንገዱ ንጹህ ከሆነ የሚነበበው ዜሮ አካባቢ ነው። 0.2 ወይም 0.3 ቮልት ካለፈ በነዚያ ሁለት ነጥቦች መካከል የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ እየጠፋ ነው፦ ሶኬት፣ ፊውዝ፣ ወይም የዛገ ማያያዣ። ከዚያ ከሬጉሌተሩ ኔጌቲቭ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ድገሙት። በቅርፊቱ ብቻ ሻንሲው ላይ የሚታሰር ሬጉሌተር ከሆነ አንዱን ጫፍ ቅርፊቱ ላይ አድርጉ። ቀለም ወይም ዝገት መሐል ከገባ ይሄኛው ያጋልጠዋል።

የቢጫዎቹን ሽቦዎች ሶኬት በተመለከተ ዓይንና እጅ ይበቃሉ። የቀለጠ፣ የጠቆረ፣ ከነዳችሁ በኋላ ከጎኑ ካሉት ሶኬቶች ይበልጥ የሚያቃጥል ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ሌላ ምሳሌም አለ። የድሮዎቹ በአየር የሚቀዘቅዙ የቢኤምደብሊው ቦክሰሮች ቋሚ ማግኔት የላቸውም። ሮተራቸው ማግኔት የሚሆነው በብሩሽ በኩል ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ነው፤ የመጀመሪያዋ ጭላንጭል ደግሞ የምትመጣው በዳሽቦርዱ የቻርጅ አምፖል በኩል ነው። ያቺ ትንሽ አምፖል ከተቃጠለች ቻርጁ አልነሳም ሊል ይችላል። እዚያ ላይ ሬጉሌተር ቀይሩ፣ ካልሆነ ስታተር ቀይሩ የሚለው ምክር የት ያደርሳል? ያው፣ አምፖሏ እንደተቃጠለች ሁለት አዲስ እቃ ይዛችሁ ትቆማላችሁ።

ስለ ኦሙ አጭር ላድርገው። የስታተር መስመሮች ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 1 ኦም ነው። የቴስተራችሁ ሁለት ገመዶች ብቻቸውን ሲነካኩ 0.2 ወይም 0.3 ያነባሉ። ከጠምጣማው ዙሮች አሥር በመቶው እርስ በርስ ተነካክቶ 0.30 የነበረው 0.27 ቢሆን ያ ቴስተር እንዴት ያየዋል? ኦም ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ሽቦን ያገኛል። ከሞተሩ አካል ጋር የተነካካውንም እንዲሁ። ስለዚህ ከንቱ ነው አልልም። ግን ከአካል ጋር ከተነካካ ሞቷል የሚለው የጸሐፊው ሕግ ሦስት መስመር ላላቸው ነው የሚሠራው። አንዳንድ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ የጠምጣማው አንዱ ጫፍ ሆን ተብሎ ከአካሉ ጋር ይታሰራል። እነሱን በዚያ ሕግ ብትዳኙ ጤነኛ ስታተር ትጥላላችሁ።

የሚበቃው ፈተና ስታተሩ ሲሠራ የሚለካው ነው። ሶኬቱን ከሬጉሌተሩ ንቀሉ፣ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጉ፣ ሦስቱን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ በአንድ ዓይነት ዙር ለኩ። 5000 ዙር ላይ ብዙዎቹ ከ50 ቮልት ያልፋሉ፤ በጣት የሚነካ ነገር አይደለም፣ ተጠንቀቁ። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከቀነሰ ጠምጣማው ተጎድቷል። ሦስቱም እኩል ሆነው ሁሉም ዝቅ ካሉ የሮተሩን ማግኔት ጠርጥሩ። እና በቀዝቃዛው ለክታችሁ አትርኩ። ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ሞተሩ እንደጋለ ድገሙት፤ ሲቀዘቅዝ ሰላማዊ የሆነ ሲግል የሚከዳ ስታተር ብዙ ነው። ባትሪው ደህና፣ መንገዱ ንጹህ፣ ስታተሩ በሙቀትም እኩል ሆኖ ቮልቱ ካልወጣ አሁን ሬጉሌተሩን ግዙ። ጸሐፊው የጀመሩበት ቦታ የኔ መጨረሻ ነው።

ኤልኢዲውን በተመለከተ ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ግን ብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ያለው ሬጉሌተር ትርፉን የሚያስወግደው ስታተሩን ከራሱ ጋር በማጋጨት (ሾርት በማድረግ) ነው። ስታተሩ የሚያመነጨውን ያመነጫል፤ እናንተ ያልተጠቀማችሁበትን ሬጉሌተሩ ያቃጥለዋል። መብራት ስትቀንሱ የሬጉሌተሩ ሥራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ትርፉን ከማጋጨት ይልቅ መስመሩን የሚዘጋው ሌላው ዓይነት ከተገጠመላችሁ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ሚኒሞ ላይ በትራፊክ ለሚቆም ሰውም ኤልኢዲ ለባትሪው እፎይታ ነው፤ ይህን አልነጥቃቸውም።

አንድ ነገር ግን ጭራሽ አልተነሳም። ቻርጁ እንከን የሌለው ሆኖ ባትሪው ጠዋት ሞቶ ሲገኝስ? ቁልፉ ተዘግቶ ሌሊት የሚጠጣ ነገር አለ ማለት ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጋችሁ በኬብሉና በባትሪው መሐል አስገቡት። ከ10 አምፔሩ ጀምሩ፣ ቁልፉን እንዳትከፍቱ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል። ጤነኛ ሞተር ሳይክል ጥቂት ሚሊ አምፔር ነው የሚጠጣው። የኔው ሶኬቱ ተጠግኖ እንኳ ከአምስት ቀን በላይ ከቆመ አይነሳም ነበር። ስለካው 60 ሚሊ አምፔር አገኘሁ። በቀን 1.44 አምፔር ሰዓት ነው፤ ከ8 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአምስት ቀን 7.2 ይበላል። ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ሄድኩ። አራተኛው ላይ ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። ሽቦውን ተከተልኩት፤ ከሌባ ይጠብቅልኝ ብዬ በገዛ እጄ የገጠምኩት አላርም ነበር።